ሳይጠሩት የሚመጣ ሐሳብ፦ የአንድ ጥንታዊ ጭንቀት ታሪክና የዛሬ ልጆቻችን

(ሐዋሳ ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ የሕዝብ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ)



የታሪክ መምህር ስለ ልጆች የአእምሮ ጭንቀት ሊናገር መቆሙ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ መድኃኒት የሚጠይቀኝ ቢኖር ወደ ባለሙያዎቹ እመራዋለሁ። ወደዚህ ርእስ ያመጣኝ የአንድ ልጅ ጥያቄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ ለትምህርት ብሎ እኛ ቤት ይኖር ነበር። ዕድሜው 11 ነው። ማታ ሊተኛ ሲል በሬ ላይ ይቆምና «ጋሼ፣ እኔ ክፉ ልጅ ነኝ?» ይለኛል። «ምን አድርገህ?» እለዋለሁ። «ምንም አላደረግኩም፤ አሰብኩ» ይላል።

ያሰበውን ለመናገር ሳምንታት ፈጀበት። ቅዳሴ ቆሞ ሳለ በአምላኩ ላይ የስድብ ቃል በአእምሮው ያልፋል። ወጥ ቤት ውስጥ ቢላዋ ሲያይ ትንሿን ልጄን የሚወጋት ይመስለዋል። ይህችን ልጅ ደግሞ ከማንም አብልጦ ይወዳታል። እኔም በፍቅር «አይደለህም፣ አንተ ጥሩ ልጅ ነህ» እለው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ መልስ ይበቃው ነበር፤ በሦስተኛው ወር ግን በአንድ ማታ ሃያ ጊዜ ይጠይቀኛል። መልሴ ለእሳቱ ማገዶ ይሆን እንደ ነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ሕመሙ በሕክምናው ዓለም ኦ.ሲ.ዲ. ይባላል። በአማርኛ «አስጨናቂ ሐሳብና አስገዳጅ ድርጊት» ብንለው ያስኬዳል። ሁለት ክንዶች አሉት። አንደኛው፣ ሰውየው ያልፈለገው፣ ከእምነቱና ከፍቅሩ ጋር የሚጋጭ ሐሳብ ወይም ሥዕል ደጋግሞ መምጣቱ ነው። ሁለተኛው፣ ያ ሐሳብ የፈጠረውን ጭንቀት ለማብረድ የሚደረገው ድግግሞሽ ነው፤ መታጠብ፣ መቁጠር፣ በር መፈተሽ፣ ጸሎትን ከመጀመሪያው መጀመር፣ «ክፉ ነኝ ወይ?» ብሎ መጠየቅ። ድግግሞሹ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ዕረፍቱ ግን ሐሳቡን «በእርግጥም አደገኛ ነበር» ብሎ ያጸድቀዋል፤ ስለዚህ ሐሳቡ በርትቶ ይመለሳል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከ100 ልጆች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑትን እንደሚያገኛቸው ያመለክታሉ።

ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ነገር አጭር ነው። አማርኛችን «አሰብኩ» እና «ሐሳብ መጣብኝ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ አነጋገሮች አሉት። በመጀመሪያው ሰውየው ባለቤት ነው፤ በሁለተኛው ሐሳቡ ባለቤት ሆኖ ሰውየው የሚደርስበት ነው። የዚህ ሕመም ታሪክ፣ በእኔ ግምት፣ የሰው ልጅ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ያደረገው የብዙ ዘመን ጥረት ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከገዳም ዋሻ

ስለዚህ ጉዳይ በጥንቃቄ ካሰቡት ቀደምት ሰዎች መካከል የግብፅ በረሃ መነኮሳት ይገኛሉ። በ399 ያረፈው ኤቫግሪዮስ ክፉ ሐሳቦችን በስምንት መድቦ ጽፏል። ከትምህርቱ ለእኛ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ሐሳብ መምጣቱ በሰው ሥልጣን ሥር አይደለም፤ የሰው ድርሻ የሚጀምረው ከመጣ በኋላ ነው።

ከርሱ በኋላ፣ በሰባተኛው ምእት ዓመት ገደማ፣ የሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ክሊማኮስ የመንፈሳዊ ሕይወትን ደረጃዎች በመሰላል መስሎ ጻፈ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ መነኩሴ ይተርካል። መነኩሴው ለሃያ ዓመታት የስድብ ሐሳብ ያሠቃየዋል። ጾምና ትጋት አላበረደለትም። በአፉ ሊናገረው ስላፈረ በወረቀት ጽፎ ለአንድ ሽማግሌ አባት ይሰጥና በግንባሩ ተደፍቶ ይጠብቃል። ሽማግሌው አንብቦ ፈገግ ይላል፤ ያነሣዋል፤ እጁንም በአንገቱ ላይ እንዲያደርግ ያዘዋል። ከዚያም የዚህ ሐሳብ ዕዳ በእኔ አንገት ይሁን፣ አንተ ግን ከእንግዲህ ከቁብ አትቁጠረው ይለዋል። መነኩሴው ከዚያ በዓት ሳይወጣ ሐሳቡ ለቀቀው ይላል ተራኪው።

እዚህ ላይ ሽማግሌው ያላደረገውን ልብ በሉ። አልደነገጠም። ተጨማሪ ጾም አልጨመረበትም። ዝርዝሩን እየመረመረ አላስጨነቀውም። በየቀኑ እየመጣ እንዲናዘዝም አላዘዘውም። አንድ ጊዜ ተቀበለ፤ ከዚያ በኋላ ንቀህ ተወው አለ።

የእኛም አገር ለዚህ እውቀት ባዕድ አይደለም። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚባሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት ሥራቸው ከሶርያ ነው፤ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ ተመልሰው በአንድምታ ትምህርት ቤት ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ጋር ራሱን የቻለ የትርጓሜ ጉባኤ ሆነዋል። ገዳማውያኑ እንዲህ ያለውን የሐሳብ ውጊያ «ፆር» ይሉታል፤ «ፆር ተነሣበት» ይባላል። በአነጋገሩ ውስጥ ያለችውን «በት» አስተውሉ። ሰውየው የሚወጋው ነው እንጂ ወጊው አይደለም። የእህቴ ልጅ ግን ይህን አነጋገር የነገረው አልነበረም፤ በትምህርት ቤትም በቤትም የሰማው «ክፉ አታስብ» የሚለውን ብቻ ነው።

ጎትጓቹና ሊቃውንቱ

በእስልምናው ዓለም ይኸው ነገር ወስዋስ ይባላል። የቁርኣን የመጨረሻው ምዕራፍ ሱረቱ-ን-ናስ ከዚህ ጉትጎታ መጠበቅን የሚለምን ነው። በሰሒሕ ሙስሊም በተመዘገበ ሐዲስ የነቢዩ ባልደረቦች በአፋቸው ሊያወጡት የሚከብዳቸው ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ሲነግሯቸው፣ በሐሳቡ መጨነቃቸው ራሱ የእምነት ምልክት እንደ ሆነ ተነግሯቸዋል። ይህ ታላቅ ማስተዋል ነው። ሰው የሚጨነቀው በሚወደው ነገር ላይ ነው፤ ስድቡ የሚያስጨንቀው አማኙን ነው፤ ቢላዋው የሚያስፈራው ሕፃኗን የሚወዳትን ነው።

በዛሬዋ አፍጋኒስታን በባልኽ የተወለደው አቡ ዘይድ አል-በልኺ (850–934) ደግሞ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፈው መጽሐፍ ወስዋስን ከቁጣ፣ ከሐዘንና ከፍርሃት ለይቶ ራሱን የቻለ የነፍስ መታወክ አድርጎ ገለጸው። ይህ ከአውሮፓ የሥነ አእምሮ ምደባ በፊት ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ነው። በ1223 ያረፈው ኢብን ቁዳማ በበኩሉ ውዱእን ደጋግመው የሚያደርጉትን፣ ኒያን እየደጋገሙ ሶላት መጀመር የሚያቅታቸውን ሰዎች የሚገሥጽ ድርሳን ጽፏል። ድግግሞሹ የጽድቅ ብዛት መስሎ ቢታይም የጉትጎታው ምርኮኝነት ነው ማለቱ ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት የሕመሙን ሁለት ክንዶች ያዙ ማለት እንችላለን፤ አንዱ ሐሳቡን፣ ሌላው ድግግሞሹን።

ቀዳዳ ያለው ምክር

ታሪክ የተሳኩትን ብቻ ሳይሆን ያልተሳኩትንም ምክሮች ስለሚያስተምር፣ ወደ አውሮፓ ልሻገር። በኋላ የኢየሱሳውያንን ማኅበር የመሠረተው ኢግናጥዮስ ሎዮላ በ1522 በስፔን ማንሬሳ በምትባል ከተማ ሳለ ያለፈ ኃጢአቱን በትክክል አልተናዘዝኩም በሚል ጥርጥር ተያዘ። ደጋግሞ ተናዘዘ፤ ዕረፍት አላገኘም። ራሱን ወደ ማጥፋት የሚገፋ ፈተና እስኪደርስበት ድረስ ተጨነቀ። የንስሐ አባቱ «በጣም ግልጽ ከሆነ ነገር በቀር ያለፈውን አትናዘዝ» የሚል ምክር ሰጠው። ምክሩ መልካም ይመስላል፤ ግን አልረዳውም። ለተጨነቀው ሰው ሁሉም ነገር ግልጽ ኃጢአት ነበርና። ያረፈው ያለፈውን ከእንግዲህ ጨርሶ ላለመናዘዝ በቆረጠ ጊዜ ነው።

እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን በንያንም በ1666 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጌታውን «ሽጠው» የሚል ሐሳብ ሌሊትና ቀን ያስቸግረው እንደ ነበር ይናገራል። በውስጡ «አልሸጥም» እያለ ደጋግሞ ይመልሳል፤ እስኪደክም ድረስ ይሟገታል። ማንም አያየውም፤ እጁን አይታጠብም፤ በር አይፈትሽም። ድግግሞሹ በአእምሮ ውስጥ ነበር። በዝምታ የሚሠቃዩ ልጆች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ቀስ በቀስ ከንስሐ ክፍል ወደ ሐኪም ክፍል ተሻገረ። በ1877 ጀርመናዊው ካርል ቬስትፋል እነዚህ ሐሳቦች ከሰውየው ፈቃድ ውጭ የሚመጡ፣ አእምሮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ባዕድ መሆናቸውን የሚያውቃቸው እንደ ሆኑ ጻፈ። በ1903 ፈረንሳዊው ፒየር ዣኔ ስለዚሁ ሰፊ መጽሐፍ አወጣ። ማብራሪያው በዛ፤ ሕክምናው ግን ለረጅም ጊዜ ደካማ ሆኖ ቆየ።

ለውጡ የመጣው በ1966 ነው። ለንደን ውስጥ ቪክተር ማየር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ሁለት ሕሙማን የሚፈሩትን ነገር እንዲጋፈጡ፣ ግን የሚያሳርፋቸውን ድግግሞሽ እንዳይፈጽሙ በነርሶች እገዛ አደረገ። ጭንቀቱ መጀመሪያ ጨመረ፤ ከዚያ ሳይታጠቡና ሳይፈትሹም በራሱ ጊዜ በረደ። በ1978 ስታንሊ ራክማንና ፓድማል ዴ ሲልቫ ጤነኛ ሰዎችን ጠይቀው አብዛኞቹ ተመሳሳይ ይዘት ያለው ሐሳብ እንደሚመጣባቸው አሳዩ። በ2014 የታተመ፣ በ13 አገሮች 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት ደግሞ ከ100 ተማሪዎች 94 ያህሉ በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደ መጣባቸው አረጋገጠ። በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነውን ብንቆጥር፣ በድልድይ ስናልፍ መዝለል፣ በጉባኤ መካከል መጮኽ በአእምሮው አልፎ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ልዩነቱ ከሐሳቡ ይልቅ ለሐሳቡ በምንሰጠው ትርጉምና መልስ ላይ ነው።

በ1987 ዳንኤል ዌግነር ተማሪዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዛቸው፤ አልቻሉም፤ ክልከላው ሲነሣ ደግሞ ይበልጥ አሰቡት። «ክፉ አታስብ» የሚለው ትእዛዛችን በልጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ መገመት ይቻላል። በ2004 በአሜሪካ የታተመው ጥናት ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 112 ልጆችን ለ12 ሳምንታት ተከታተለ። ሕመሙ እስከ መጥፋት ደረጃ የቀለለላቸው በመጋፈጥ ላይ የተመሠረተውን የንግግር ሕክምናና ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት አብረው ካገኙት ከ100 ወደ 54፣ የንግግር ሕክምናውን ብቻ ካገኙት 39፣ መድኃኒቱን ብቻ ካገኙት 21፣ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 4 ያህል ነበሩ። ሕመሙ ሊታከም የሚችል ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሽማግሌው መነኩሴ የዘመናዊ ሕክምና ቀዳሚ ነበር ብዬ አልከራከርም። እርሱ የሐሳቡን ምንጭ ጋኔን ነው ይላል፤ ሐኪሙ የአንጎል አሠራርና የልማድ ጉዳይ ነው ይላል። እነዚህን ማምታታት ለሁለቱም ክብር አይሆንም። ሆኖም የተለያየ ምክንያት ይዘው አንድ ምክር ላይ ደርሰዋል፤ ሐሳቡን የራስህ ፈቃድ አድርገህ አትውሰደው፤ ከእርሱም ጋር አትሟገት።

በአገራችን ያልታየው ልጅ

በኢትዮጵያ የዘመናዊ የሥነ አእምሮ ሕክምና ታሪክ አጭር ነው። በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ ብቸኛው ልዩ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። በ1960ዎቹ በአገራችን የሠራው ሆላንዳዊው ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር በጊዮን፣ ማለትም በወሊሶ አካባቢ ስላለው የእምነት ፈውስና የመንፈስ ልክፍት በ1968 ጽፏል። በአገር ውስጥ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው።

በ1990ዎቹ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ያካሄዱት ጥናት ለርእሳችን ቁልፍ ነው። የአካባቢው ሰዎች የአእምሮ ሕመም ምልክት ናቸው ብለው በብዛት የጠቀሷቸው ብዙ መለፍለፍ፣ ጠበኝነትና ያልተለመደ ጠባይ ነበሩ። ለአእምሮ ሕመምም ከዘመናዊው ይልቅ ባህላዊውን ሕክምና ይመርጡ ነበር። በዚያው አሥር ዓመት በአምቦ ወረዳ ስለ ልጆች የጠባይ ችግር የተደረገው ጥናት ደግሞ መረጃውን የሰበሰበው ልጆቹን ከሚያሳድጉ ሰዎች ነው። ሁለቱም ለዘመናቸው ታላቅ ሥራዎች ናቸው። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ምንጩ የማይናገረውም ምንጭ ነው። የሚጮኸው ታየ፤ የሚማታው ተቆጠረ። ቅዳሴ ላይ ዝም ብሎ ቆሞ በውስጡ ሃያ ጊዜ «ማረኝ» የሚለው ልጅ ግን ጨዋ ይባላል። ደብተሩን እየቀደደ ደጋግሞ የሚጽፈው ጠንቃቃ ይባላል። ዛሬም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች ያዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ ለኦ.ሲ.ዲ. የተለየ ምዕራፍ አልሰጠውም። ስለዚህ የመጀመሪያው አስተዋይ ወላጅ፣ መምህር ወይም የንስሐ አባት ካልሆነ ልጁ ሳይታይ ያድጋል።

ታሪኩ ምን ያተርፍልናል?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የሚሆን አራት ነገር ላውጣ።

አንደኛ፣ ልጅ የሚያስጨንቀውን ሐሳብ ሲነግረን እንደ ሽማግሌው አባት አለመደንገጥ ነው። «እንዲህ ያለ ሐሳብ ብዙ ሰው ይመጣበታል፤ መጣብህ እንጂ አንተ አልፈለግከውም» ማለት ይበቃል። ዝርዝሩን እየቆፈሩ መጠየቅ፣ ቢላዋ ሁሉ መደበቅ፣ በልጁ ፊት መሸበር ሐሳቡ አደገኛ ነው ብሎ መመስከር ነው።

ሁለተኛ፣ ማረጋገጫን መቀነስ ነው። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነበር። ይህን እውነት አንድ ጊዜ በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። ሃያኛው መልስ ግን እንደ ኢግናጥዮስ ሃያኛ ኑዛዜ ነው። ይህ በድንገትና በቁጣ አይደረግም። ልጁ ሰላም በሆነበት ሰዓት አብሮ መስማማት ያስፈልጋል፤ «ጥያቄው የሕመሙ እንደ ሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ እኔ አንተን እወድሃለሁ፣ ለሕመሙ ግን አልመልስለትም» ተብሎ፣ ከሃያ ወደ አሥር፣ ከአሥር ወደ ሦስት ይወርዳል።

ሦስተኛ፣ ከሚፈራው ነገር ጋር ቀስ በቀስ ማላመድ ነው። ይህ ከባለሙያ ጋር ቢሆን ይመረጣል። በከተማችን የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። የእህቴ ልጅ የጀመረው ወጥ ቤት በር ላይ ከመቆም ነው፤ ከዚያ ቢላዋው ጠረጴዛ ላይ እያለ ተቀመጠ፤ ከሁለት ወር በኋላ ትንሿ ልጄ አጠገቡ እየተጫወተች ለወጥ ሽንኩርት ከተፈ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ባለቤቴም ከእርሱ ባልተናነሰ ተጨንቃ ነበር። ግን አላስቆመችውም። መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ልጆችም አሉ፤ ክሎሚፕራሚን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለዚሁ ሕመም ተመዝግቧል። ልጁ የመሞት ፍላጎት ከተናገረ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ወይም መብላትና መተኛት ካቆመ ግን ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ የእምነት አባቶችን ከሕክምናው ጋር ማስተባበር ነው። ጠበል የሚሄድ ልጅ ሐኪም ዘንድ ሊሄድ ይችላል፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄድም ሶላቱን አይተውም። የምንለምናቸው አንድ ነገር ነው፤ ድግግሞሹን እንዳያበዙበት። ልጁ ለአንድ ሐሳብ አሥር ጊዜ ቢመጣ፣ በራሳቸው መጻሕፍት ውስጥ ያለውን የአባቶችን አጭር መልስ ያስታውሱት።

ለተማሪዎቼ የምተወው የቤት ሥራም አለ። የእኛ ገድላት፣ የንስሐ መጻሕፍት፣ የደረሳዎች ማስታወሻዎች በዚህ ዓይን ገና በሰፊው አልተነበቡም። «ሐሳብ መጣበት» ተብሎ የተጻፈበትን ቦታ ሁሉ ብትለቅሙ፣ በአርኪቭ ውስጥ ያልታየውን ልጅ ታገኙት ይሆናል።

የእህቴ ልጅ ፈጽሞ ዳነ ብዬ አልናገርም፤ ይህ ሕመም በፈተና ሰሞንና በሐዘን ጊዜ ብቅ ይላል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ አንድ ማታ እንደ ድሮው በሬ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ዛሬም መጣብኝ» አለኝ። መልስ ለመስጠት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ያለመድነውን ልማድ አስታውሼ ዝም አልኩ። ጥቂት ቆመ። «በል ደህና እደር» አለኝና ሊተኛ ሄደ።